የለንደን መስከረም አይገድልም፤ ወሬያችን ግን ኪስ ያራቁታል



ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡና ቅዱና አንብቡት። ትንሽ ተናድጃለሁ። አንዳንድ ቦታ ላይ ድምፄ ከፍ ቢል ክፍል ውስጥ የለመዳችሁት ነው።

የሚያናድደኝ አንድ አባባል አለ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ይመጣል። አንድ ሰው ለትምህርት፣ ለጉብኝት ወይም ልጁን ለመጠየቅ በመስከረም ወደ ለንደን ሊሄድ ነው ሲባል፣ ገና «እንኳን ደስ አለህ» ሳይባል «ውይ! ብርዱ ይገልሃል!» ይባላል። ጎረቤቱ ይለዋል። የዕቁብ ሰብሳቢው ይለዋል። ለንደንን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ አሜሪካ ያለ የአክስቱ ልጅ በስልክ ይለዋል። ከዚያ ሰውየው መርካቶ ይወርድና ፍራሽ የተሸከመ የሚያስመስለውን ጃኬት ገዝቶ ይመለሳል።

ኧረ ጎበዝ! በመስከረም?

እስቲ ወሬውን እንተወውና ቁጥሩን እንይ። ሴፕቴምበር ማለት በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም 20 ድረስ ነው። በዚህ ወር ለንደን ውስጥ ቀን ላይ ሙቀቱ በአማካይ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል፤ ሌሊት ወደ 11 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። አሁን አዲስ አበባን ውሰዱ። በዚሁ ወር ቀን ላይ ከ20 ትንሽ ከፍ ይላል፤ ሌሊት ወደ 10 ገደማ ይወርዳል። አያችሁ? በቴርሞሜትር ብንሄድ የለንደን ሴፕቴምበርና የአዲስ አበባ እንቁጣጣሽ ጎረቤታሞች ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ ለማብራት ሹራብ ደርባችሁ እንደምትወጡት ማለት ነው። ለዚያ ምሽት ካፖርት የሚገዛ ሰው አይቻለሁ? በፍጹም።

«እሺ ቲቸር፣ ዝናቡስ?» ትሉኛላችሁ። እሱንም እንየው። ለንደን ላይ በዓመት የሚዘንበው 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከ1,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። የአዲስ አበባ የኦገስት ወር ዝናብ ብቻውን ከለንደን የአራት አምስት ወር ዝናብ ጋር ይተካከላል። ሴፕቴምበር ላይ ለንደን የምታገኘው 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እኛ እኮ ከሐምሌና ከነሐሴ ጭቃ የወጣን ሰዎች ነን! መንገዱ ወንዝ ሆኖ ጫማችንን በእጃችን ይዘን የተሻገርን ሰዎች ሰውን በለንደን ዝናብ ስናስፈራራ ትንሽ ማፈር አለብን።

ታዲያ ይህ ስም ከየት መጣ? የመጀመሪያው ምክንያት ቋንቋችን ውስጥ ነው። የእንግሊዞቹን የብርድ ወቅት «ክረምት» ብለን እንተረጉማለን። የእኛ ክረምት ደግሞ የዝናብ ወቅት ነው፤ እሱም የሚውለው በእነሱ በጋ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «የለንደን ክረምት አይቻልም» ሲለን ስለ ጃንዋሪ ይናገር ስለ ጁላይ ማን ያውቃል? በዚያ ላይ መስከረም ለእኛ አደይ የሚፈነዳበት ሲሆን ለእነሱ ቅጠሉ ቢጫ መሆን የሚጀምርበት ነው። ቅጠል ረገፈ ሲባል ጆሯችን ውርጭ መጣ ብሎ ይሰማል። ቅጠል የሚረግፈው ግን ቀኑ እያጠረ ስለሚሄድም ጭምር ነው። ሴፕቴምበር ላይ ዛፎቹ በአብዛኛው ገና አረንጓዴ ናቸው።

ሁለተኛው ምክንያት ጭጋጉ ነው። በድሮ ፊልም ላይ ለንደን ሁልጊዜ በጭጋግ ተሸፍና ነው የምትታየው። ያ ጭጋግ ግን አብዛኛው የድንጋይ ከሰል ጭስ ነበር። በዲሴምበር 1952 ለአምስት ቀን ከተማዋን ያፈናት ጭስ ያዘለ ጭጋግ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገድሏል። ከዚያ በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣና ነገሩ ቀስ በቀስ ተለወጠ። እኛ ግን ዛሬም፣ ከሰባ ዓመት በኋላ፣ የጠፋውን የከሰል ጭስ ፈርተን ሻንጣ እንሞላለን።

አሁን ወደ ጂኦግራፊው። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳችሁ ሁሉ ይህን ማስታወስ አለባችሁ፤ ካላስታወሳችሁ ደግሞ ስሙ።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በዚህ ብቻ ብንሄድ ሞቃት መሆን ነበረባት። የምትቀዘቅዘው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ነው። ለንደን ደግሞ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ሳትል 51 ዲግሪ ተኩል ላይ ትገኛለች። የእኛን ብርድ ያመጣው ከፍታ ነው፤ የእነሱን ያመጣው ኬክሮስ ነው። ሁለት የተለያዩ መንገዶች መስከረም ላይ አንድ ቦታ ይገናኛሉ።

«51 ዲግሪ ላይ ሆና እንዴት በረዶ አትሆንም?» ካላችሁ መልሱ ባሕር ነው። ውሃ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። በብሪታንያ ዙሪያ ያለው ባሕር ከፍተኛውን ሙቀት የሚያገኘው ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ ነው፤ ነፋሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ፣ ከአትላንቲክ በኩል ይነፍሳል። ለዚህ ነው የለንደን ሴፕቴምበር ከሜይ ወር የሚሞቀው። ይህን ለሰው ስነግር አያምኑኝም፤ ግን እውነት ነው፣ የሜይ አማካይ የቀን ሙቀት 18 ዲግሪ ገደማ ነው። ሌላው ከተማዋ ራሷ ናት። ሕንጻውና አስፋልቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ይህን በመለኪያ ካሳዩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ለንደናዊው ሉክ ሃዋርድ ነው። መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ኩሙለስ፣ ስትራተስ፣ ሲረስ እያልን ለፈተና የምንሸመድዳቸውን የደመና ስሞች በ1802 ያወጣውም እሱ ነው። ከተማዋ ሌሊት ላይ በዙሪያዋ ካለው ገጠር እንደምትሞቅ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ጽፎ አስቀምጧል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለዚህ ነው። እሱ ለክቶ ጻፈ፤ እኛ ሳንለካ እናወራለን።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለጠቅላላ ዕውቀት አይደለም። ወሬው ሰው ይጎዳል።

አንዲት የማውቃቸው እናት ልጃቸው ለንደን ወለደች። ቪዛው ወጣ፣ ትኬቱ ለመስከረም መጀመሪያ ሊቆረጥ ነው። ልጅ ማቀፍ ብቻ ነው የቀረው። ያኔ የሰፈሩ ሰው መጣና «በዚህ ዕድሜሽ? ብርዱን አትችይውም፣ ትንሽ ቆይተሽ ሂጂ» አላቸው። ፈሩ፣ ቆዩ። የቤት ነገር አንዴ ከተላለፈ ይተላለፋልና መንገዱ የተሳካው መቼ ይመስላችኋል? በጥር! ለንደን ቀን ላይ 8 ዲግሪ፣ ሌሊት ላይ 3 ዲግሪ ገደማ በሆነችበት፣ ዓመቱን ሙሉ ከባዱ ወር ላይ። በዚያ ላይ አራሷ በጣም በምትፈልጋቸው ጊዜ ሳይሆን ሕፃኑ መገላበጥ ሲጀምር ደረሱ። እኚህን እናት ከብርድ ያዳናቸው ሰው አለ? የለም። ከመስከረም አስፈራርተው ወደ ጥር ነው የላኳቸው።

ሌላዋ ተማሪዬ ነበረች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ የትምህርት ዕድል አግኝታ ሄደች። እናቷ የዕቁብ ዕጣ ከሌላ ሰው ለምነው፣ ቀድመው ወስደው ካፖርት ገዙላት። ካፖርቱ ሰልባጅ ነው፤ ከአውሮፓ በቦንዳ የመጣ። አስቡት፣ ለንደን ለብሶ የጣለውን ሊሆን የሚችል ካፖርት እኛ ተበድረን ገዝተን፣ በአውሮፕላን ኪሎ ከፍለን መልሰን እናደርስላቸዋለን! ለዚያ ካፖርት ቦታ ለማግኘት በርበሬውና ሽሮው ከሻንጣው ወጣ። ከአየር ማረፊያ ከተማ የሚወስዳትን የምድር ውስጥ ባቡር ስትይዝ ካፖርቱን ለብሳው ነበር። ጥልቀት ያላቸው የለንደን መስመሮች አብዛኞቹ ባቡሮቻቸው ማቀዝቀዣ የላቸውም፤ በመስከረም ወበቅ ናቸው። ልጅቷ አንድ ሰዓት ገደማ በላብ ተጠምቃ፣ ቲሸርት ከለበሱ ሰዎች መሃል ቆማ ሄደች። የጻፈችልኝ የመጀመሪያ መልእክት «ቲቸር፣ እዚህ እኮ ይሞቃል» የሚል ነው። ካፖርቱ እስከ ኅዳር ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቀለ፤ ዕቁቡ ግን በየሳምንቱ ተከፈለ።

አሁን ኮሜንት ላይ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። «አንተ ለንደንን አይተሃት ታውቃለህ?» አላየኋትም። የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ፣ ያለኝ ዲፕሎማ ነው፣ ደመወዜንም ታውቁታላችሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ለንደን ደርሶ የመጣ ሰው ያየው ስንት ሴፕቴምበር ነው? አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። እኔ የማወራላችሁ አማካይ የተሠራው ግን በ30 ዓመት ልኬት፣ በየቀኑ በተመዘገበ ሙቀት ነው። በዓይን ማየት ትልቅ ነገር ነው፤ ግን አንድ ሰው አንድ ሳምንት ያየውን የከተማዋ ጠባይ አድርጎ ሲያወራ ምስክርነቱ ጎደሎ ነው። ሠንጠረዥ ማንበብ ደግሞ ቪዛ አይጠይቅም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ከሀብታም ልጅ እኩል የሚሆንበት ቦታ ይሄ ነው፤ ቁጥሩ ለሁሉም ነጻ ነው። ይህን መብት በወሬ ስትቀሙት እናደዳለሁ።

ሌላው ደግሞ «እኔ በረደኝ እኮ!» ይላል። አምንሃለሁ ወንድሜ። ከየት እንደሄድክ ግን ንገረኝ። ደብረ ብርሃን ያደገ ልጅ የኅዳርን ውርጭ እያየ ነው ትምህርት ቤት የሄደው፤ የለንደን መስከረም ለእሱ ሽርሽር ነው። ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ ወይም ሠመራ ያደገ ሰው፣ ወይም ከዱባይ የሚሄድ ሰው 20 ዲግሪ ይበርደዋል፤ ትክክል ነው። እሱ አንድ ሹራብ ይጨምር። ግን የራሱን ቆዳ ለሁሉም ሰው አያልብስ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን፤ ቁጥሩ እኩል ነው ማለት ስሜቱ አንድ ነው ማለት አይደለም። ለንደንን ለማያውቅ ሰው ሊነገረው የሚገባ እውነተኛ ልዩነት አለ። የሚገርመው፣ የሚያስፈራሩን ሰዎች ይህንን አይነግሩንም።

አንደኛው ብርሃኑ ነው። የአዲስ አበባ ቀን ዓመቱን ሙሉ ቢረዝም ቢያጥር በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ለንደን ውስጥ ግን ሴፕቴምበር ብቻውን ከቀኑ ርዝመት ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ይወስዳል፤ በየቀኑ አራት ደቂቃ ያህል ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሲጀምር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ45 ገደማ ነው፤ ሲያልቅ 12 ሰዓት ከ40 ገደማ። ኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ላይ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ገና ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ይጨልማል። ከእኛ አገር የሄደን ሰው የሚያስደነግጠው ይሄ ነው። ብርዱን በጃኬት ትከላከለዋለህ፤ ጨለማውን በምን?

ሁለተኛው ፀሐይዋ ናት። ሴፕቴምበር ማብቂያ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን የአዲስ አበባ ፀሐይ አናታችን ላይ ልትሆን ትንሽ ነው የሚቀራት። ለንደን ላይ ከአድማስ 38 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ትላለች። ስለዚህ 20 ዲግሪ ሆኖም ፀሐዩ እንደ እኛው ጀርባ አይጠብስም፤ ጥላ ውስጥ ስትገባና ነፋስ ሲመጣ ቀዝቀዝ ይላል።

ሦስተኛው ተለዋዋጭነቱ ነው። የእኛ ዝናብ ያስጠነቅቃል፤ ይጠቁራል፣ ያጉረመርማል፣ ይወርዳል፣ ያባራል። የእነሱ ከአትላንቲክ እየተግተለተለ የሚመጣ ደመና ነው፤ ጠዋት ፀሐይ፣ ቀትር ላይ ካፊያ፣ ማታ ነፋስ። አማካይ ደግሞ ቃል ኪዳን አይደለም። በ2023 ብሪታንያ ውስጥ ከሴፕቴምበር 4 እስከ 10 ድረስ ለሰባት ተከታታይ ቀናት አንድ ቦታ ወይም ሌላ ቦታ ላይ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በ2024 ደግሞ ከለንደን በስተ ሰሜን ያለችው ቤድፎርድሻየር በታሪኳ ከፍተኛውን የሴፕቴምበር ዝናብ መዘገበች። ሁለት ተከታታይ ሴፕቴምበር፣ ሁለት ተቃራኒ ጠባይ። ስለዚህ «ሁልጊዜ ብርድ ነው» የሚለውም «ሁልጊዜ ፀሐይ ነው» የሚለውም ውሸታም ነው።

ፀሐይ ካልኩ ዘንድ ለቲክቶክ ሰዎችም አንድ ነገር ልበል። በመስከረም መጀመሪያ ሄዳችሁ፣ ሃይድ ፓርክ ሣር ላይ በቲሸርት ተጋድማችሁ «ለንደን እንዲህ ናት» የምትሉ፣ እናንተም ተው! የእናንተን ቪዲዮ አይቶ በኦክቶበር መጨረሻ በአንድ ሹራብ የሚሄድ ልጅ አለ። ኦክቶበር ላይ የቀኑ አማካይ ወደ 16 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ኖቬምበር ላይ ወደ 11 ወይም 12፣ ሌሊቱም ወደ 5 ገደማ። አያ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄ ነው።

እንግዲህ ምን ይያዝ? ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምመልሰው ይህን ነው።

ደርቦ መልበስ። ይህን ፈረንጅ አላስተማረንም። የእኛ ገበሬ ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ ይወጣል፣ ፀሐይ ሲከር አውልቆ ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፣ ማታ መልሶ ይለብሳል። ለንደንም በመስከረም የምትጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ከውስጥ ቲሸርት ወይም ሸሚዝ፣ ከላይ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ውሃ የማያስገባ፣ ቆብ ያለው ቀጭን ጃኬት። ነፋስ ባለበት ጃንጥላ ይገለበጣል፤ ቆብ አይገለበጥም። ውሃ የማያስገባ ምቹ ጫማ አንድ። ለእናቶች ደግሞ ነጠላና ጋቢ ይበቃል፤ ቤት ውስጥም ይሆናል።

ካፖርቱን ከዚህ አትግዙ። ከመስከረም እስከ ጥቅምት አጋማሽ ለሚቆይ ጎብኚ በአብዛኛው አያስፈልግም። ለትምህርት ለሚሄድም ቢሆን እስከ ኅዳር ጊዜ አለው፤ ለዚያ ብርድ የተሠራው ልብስ ያለው እዚያው ነው። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ያገለገለ ልብስ የሚሸጡባቸው ሱቆችም በየሰፈሩ አሉ። ብድር ውስጥ ገብቶ መላክ ግን ይቅር።

ትንበያውን ራሳችሁ እዩ። የብሪታንያ የሜትሮሎጂ ተቋም ሜት ኦፊስ በነጻ ያወጣል። ከሁለት ሳምንት በፊት አትመልከቱ፣ ያ ገና ግምት ነው፤ ሦስት አራት ቀን ሲቀራችሁ እዩት። «40 በመቶ ዝናብ» የሚል ካያችሁ ቀኑን 40 በመቶ ይዘንባል ማለት አይደለም። እንዲህ ዓይነት ሁኔታ አሥር ጊዜ ቢያጋጥም አራቱን ጊዜ ዝናብ ይኖራል ማለት ነው። ጃኬቱን ቦርሳ ውስጥ ክተቱና ውጡ።

ቀናችሁን በብርሃኑ አቅዱ። መናፈሻውን፣ የቴምዝን ዳር በቀን፤ ሙዚየሙን በዝናቡ ሰዓት። ብሪቲሽ ሙዚየምን መጎብኘት እንደሆነ በነጻ ነው። የምትማሩ ልጆች ደግሞ ከጥቅምት በኋላ ጠዋት ጠዋት ውጡና ብርሃን አግኙ፤ ከብርዱ ይልቅ ለጨለማው ተዘጋጁ።

ለወላጆች፣ ለዘመዶች፣ ለጎረቤቶች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ሰው ሊሄድ ነው ሲባል ስንቅ ስጡት፣ ፍርሃት አትስጡት። ልጁ ቤቱን፣ እናቱን፣ ቋንቋውን ትቶ የሚሄድ ነው፤ የሚፈራው ነገር በቂ አለው። በዚያ ላይ የሌለ ብርድ አትጫኑበት። ሻንጣው ውስጥ ያለችው ትንሽ ቦታ ለእናቱ ሽሮ ትሁን።

ዘንድሮ በመስከረም የምትሄዱ ተማሪዎቼ፣ የምትሄዱበትን ቀን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የወሩን ሠንጠረዥ አብረን እናነባለን። እዚያ ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ስንት ዲግሪ እንደሆነ ጻፉ። ወሬ ሳይሆን ቁጥር!

መልካም መንገድ። ቸር ይግጠመን።